ፒስ ሊሊ በደሴ ብርድ

ፎቶ ኮፒ ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና እጁን ሰደድ አድርጎ ቅጠሉን ይነካል። «ፕላስቲክ ነው?» ይላል። «የእውነት ነው» እላለሁ። አያምነኝም። በጥፍሩ ጫን አድርጎ ያረጋግጣል። ከባንኮኒው በኩል ያሉት ቅጠሎች የጥፍር ጠባሳ የማያጡት ለዚህ ነው። «አትንኩ» ብዬ ጽፌ ልለጥፍ አስቤ ነበር። ግን ሰው አትንኩ ሲባል ይብስበታል። ተውኩት።

ተክሉ ፒስ ሊሊ ነው። ባንክ ቤት፣ ሆቴል መግቢያ፣ ሰርግ አዳራሽ ጥግ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ከቅጠሉ በላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰሞኑን ከሥራዬ ይልቅ ስለሱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ሻጮቹ «ምንም አይፈልግም፣ ጨለማ ይወዳል፣ ዝም ብለሽ አስቀምጪው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ጣጣ የሌለው የሚያስመስለው የሚፈልገውን ራሱ መናገሩ ነው። ሌላ አበባ ውስጥ ውስጡን ታሞ ይከርምና አንድ ቀን ደርቆ ታገኙታላችሁ። ይኼ ግን ሲጠማው አይደብቅም። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረው ተክል ከሰዓት ላይ ቅጠሉን በሙሉ በሳክሲያው ጠርዝ ዙሪያ ዘርግቶ ይተኛል። ግንዶቹ ይልፈሰፈሳሉ። አበባው ሳይቀር አንገቱን ይደፋል። የማያውቅ ሰው ካየው «አለቀለት» ይላል። ውሃ ስታጠጡት መጀመሪያ መሐል ያሉት ለጋ ቅጠሎች ይነሳሉ። ከዚያ የዳሮቹ ይከተላሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይቆማል።

ይኼን ያየ ሰው «እንግዲያው እስኪወድቅ ልጠብቅ» ይላል። አይሆንም። በወደቀ ቁጥር ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይሄዳሉ፣ ጫፋቸውም ይደርቃል። ጥሩው ሰዓት ሊወድቅ ሲል ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አስገቡ። ከላይ ደርቆ ከታች ትንሽ ቀዝቀዝ ካለ አጠጡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ሌላው መንገድ ሳክሲያውን ማንሳት ነው። ውሃ የጠጣና የተጠማ ሳክሲያ በክብደት አይገናኙም። አንዴ እጃችሁ ከለመደው ጣት ማስገባትም አያስፈልግም። «በሳምንት ስንት ጊዜ?» ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው አፈሩ አልደርቅ ይላል። የካቲት ላይ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ቀን መቁጠር ትታችሁ አፈሩን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፒስ ሊሊን በጥማት የሚገድል ሰው ጥቂት ነው። የሚገድለው ውሃ ነው። ከጎኔ ሱቅ ያሉ እናት አሉ። ዕጣንና ቅመም ይሸጣሉ። ከሰዓት ላይ ቡና ያፈሉና ይጠሩኛል፣ እኔ ከባንኮኒው መነሳት ካልቻልኩ ስኒውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንድ ሰኞ ሲገቡ ተክሉ ወድቋል።

«አንቺ ልጅ! ይኼን ምስኪን በጥም ልትገይው ነው? ውሃ ስጪው እንጂ!»

«እማማ፣ አፈሩን ይንኩት እስኪ። ጭቃ ነው።»

ነኩት። «ታዲያ ጠጥቶ ጠጥቶ ምን ሆኖ ወደቀ?»

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ አፈሩ ውስጥ ነው ያለው። ሥር ውሃ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ አየር የሚገባበት ክፍተት አይኖርም፣ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ከላይ ስታዩት ምልክቱ ከጥማት ጋር አንድ ነው። ሰውም ይደናገርና ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። እዚያ ላይ ነው የሚያልቅለት። ሕጉ አጭር ነው። ወድቆ አፈሩ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ወድቆ አፈሩ እርጥብ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ።

የዚያን ሰሞን የሆነው ግልጽ ነበር። እኔ አጠጣለሁ። የሚረዳኝ ልጅ ሱቁን ሲከፍት ያጠጣል። እማማ ደግሞ የስኒ እጣቢያቸውን ያፈሱለታል። ሦስት እናት ያለው ልጅ ሆኖ ነበር። ከሳክሲያው አወጣሁት። ጤናማ ሥር ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው፤ የበሰበሰው ጠቁሮ ይላላጣል፣ ይሸታልም። የጠቆረውን በንጹሕ መቀስ ቆርጬ፣ አፈሩን ቀይሬ፣ ጠበብ ወዳለ ሳክሲያ አዛወርኩት። ከዚያ በኋላ አጠጪው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁም እማማም ያውቃሉ።

ቡናን በተመለከተ ግን ከእማማ ጋር አሁንም አልተስማማንም። እኛ ወሎ ቡናን በጨው የሚጠጣ ሰው አለን፣ እሳቸውም አንዷ ናቸው። እጣቢውም አተላውም ጨው አለው። ጨው አፈር ውስጥ ሲጠራቀም ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ የቅጠሉም ጫፍ እየነደደ ይሄዳል። ጨው የሌለው አተላም ቢሆን ሳክሲያ ላይ ሲቆለል ይጋገራል፣ ይሻግታል፣ ትንንሽ ጥቋቁር ትንኞችንም ይጠራል። «አበባ ቡና ይወዳል» የሚለውን አትስሙ። ጨው የሌለውን አተላ ከጓሮ ፍግ ጋር ቀላቅሉት፣ ከከረመ በኋላ ለሁሉም ተክል ይሆናል። እማማ «እኔን ያላቃጠለ ጨው እሱን ያቃጥላል?» ብለው ይከራከሩኛል። አቦሉን ጠጥቼ ዝም እላለሁ።

የውሃው ዓይነትም ልዩነት አለው። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁላችንም በርሜል አለን። ለፒስ ሊሊ ይኼ ጥሩ ነው። ውሃው ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ሲያድር ክሎሪኑ ይቀንሳል። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃ ካላችሁ ከሁሉም ይበልጣል። ፍሎራይድ ግን በማሳደር አይወጣም፤ የዚህ ተክል ቅጠል ጫፍ ቡናማ እየሆነ ከሚደርቅባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያላችሁ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የሚበዛበት ቦታ ስላለ፣ ለእናንተ የዝናብ ውሃ የግድ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ዋናው ችግር ብርዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከበርሜል የተቀዳ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ቤት ውስጥ ቆይቶ ብርዱ እስኪለቀው ጠብቁና አጠጡ።

ብርዱን ካነሳን አይቀር። ፒስ ሊሊ አገሩ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ደን ነው። ቤት ውስጥ በብዛት ከሚታወቁት ዝርያዎች አንዱ የሚጠራው በጉስታቭ ዋሊስ ስም ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ አሜሪካን እየዞረ ዕፅዋት ይሰበስብ የነበረ ጀርመናዊ ነው። ተክሉ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር፣ በጅረት ዳር፣ እርጥበት ባለው ሙቀት ውስጥ ያደገ ነው። ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ይመቸዋል። ከ12 ዲግሪ ሲወርድ ይጎዳል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌላ ዓለም ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬት የምታወልቁት ለዚሁ ነው። አክስቴ ኮምቦልቻ በረንዳዋ ላይ ያስቀመጠችው ፒስ ሊሊ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ነው የሚያድረው። እሷን አይቶ ደሴ በረንዳ ላይ ያሳደረ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ጠቁሮ የተቀቀለ የሚመስል ቅጠል ነው።

ደሴ ላይ ሦስት ነገር ይበቃል። ማታ ከመስኮቱ መስታወት ፈቀቅ አድርጉት፤ ቅጠሉ መስታወቱን ነክቶ ማደር የለበትም። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፣ በርጩማ ወይም ጣውላ ላይ ይሁን። በርም ፊት ለፊት አይሁን። ሱቅ ያላችሁ በተለይ፣ የቆርቆሮው በር ጠዋት ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ከሌሊቱ ብርድ አይተናነስም። ብርድ ፈርቶ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ሌላ ጥፋት ነው፤ ደረቁ ሙቀት ቅጠሉን ያጨማድደዋል። ኮምቦልቻ ገዝታችሁ ወደ ላይ የምታመጡ ከሆነ ደግሞ መኪና ጣራ ላይ አታስጭኑት። ሐረጎ ላይ ነፋሱ ቅጠሉን ይተለትለዋል። ጭናችሁ ላይ ያዙት።

ስለ ብርሃን ሻጩ «ጨለማ ይወዳል» ያለው ነገር ብዙ ሰው አሳስቷል። ጨለማ ይችላል እንጂ አይወድም። ጨለማ ጥግ ላይ አይሞትም፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። አበባ ግን አያወጣም። የሚፈልገው በዛፍ ቅጠል መሐል ተጣርቶ የሚወርደውን ዓይነት ብርሃን ነው። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ የምሰጠው ፈተና ይኼ ነው። ተክሉ ያለበት ቦታ ቁሙና መብራት ሳታበሩ መታወቂያችሁ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ካነበባችሁ ይኖራል። ያለችግር፣ ዓይናችሁን ሳታጠብቡ ካነበባችሁ ያብባል። የኔው ያለው ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት አጠገብ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ በስስ መጋረጃ አልፎ ያገኘዋል። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ግን ቅጠሉ ይገረጣል፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። የደጋ ፀሐይ ብርድ አለ ብላችሁ አትናቋት።

«ስገዛው አበባ ነበረው፣ ከዚያ ወዲህ አላበበም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ይወቅሳሉ። አይገባም። በገበያ የሚያመርቱት ሰዎች ጂብሬሊክ አሲድ የሚባል የእድገት ሆርሞን ይረጩበታል። በዚያ ተገፍቶ በአንድ ጊዜ ብዙ አበባ ያወጣል፣ በአበባውም ይሸጣል። እናንተ ቤት ሲደርስ ወደ ራሱ ጊዜ ይመለሳል። ቀጣዩን አበባ ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ብርሃን ካገኘና ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ግን አይቀርም።

አበባ የምንለው ነጩ ነገር ራሱ በትክክል አበባ አይደለም። ቅጠል ነው፣ ነጭ የሆነ ቅጠል። እውነተኞቹ አበቦች መሐሉ ላይ የቆመችው ዘንግ ላይ የተደረደሩት ናቸው፤ ጠጋ ብላችሁ ካላያችሁ ነጠብጣብ ይመስላሉ። ጣታችሁን ብታስነኳቸው ነጭ ብናኝ ይይዛችኋል። ይኼው ብናኝ ነው ቅጠሉ ላይ ወድቆ አቧራ የሚመስለው። ነጩ ቅጠል ሳምንታት ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ያኔ በሽታ ነው ብላችሁ አትስጉ፣ ጊዜው አልፎ ነው። ቡናማ መሆን ሲጀምር ግንዱን ከሥሩ ጠጋ ብላችሁ ቁረጡት።

አፈሩን በአጭሩ ልለፈው። የደጃፋችሁን ዋልካ ብቻውን አትሙሉበት፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ ጥቂት ቀይ አፈርና ሸካራ አሸዋ ቀላቅሉ፣ ውሃ ሲፈስበት ቶሎ የሚያሳልፍ ይሁን። ሳክሲያው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ያ ሰው በስጦታ የሚያመጣው የሚያምር የሸክላ ቫዞ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ የለውም። ተክሉን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ቫዞው ውስጥ አስቀምጡት፣ ካጠጣችሁ በኋላ ከታች የተጠራቀመውን ውሃ ድፉት። ማዳበሪያን በተመለከተ አንድ ደንበኛዬ ከገጠር ለበቆሎው የተረፈ ዩሪያ በላስቲክ ቋጥሮ አምጥቶልኝ ነበር። በደግነት ነው፣ አመስግኜ ተቀበልኩት። ግን አላደረግኩበትም። ዩሪያ ለማሳ ነው። ሳክሲያ ውስጥ ሥር ያቃጥላል፣ ቢተርፍም ቅጠል ብቻ ነው የሚያበዛው። ኮምፖስት ይበቃል።

ከሁሉም በላይ የምትጠይቁኝ ስለ አየር ነው። «አየር ያጣራል አይደል? ሕፃን ያለበት ክፍል ላስቀምጠው?» ወሬው የመጣው ከእውነተኛ ጥናት ነው። ናሳ በ1989 ባወጣው ጥናት ፒስ ሊሊን ጨምሮ የተለያዩ የቤት ተክሎች ቤንዚን (benzene የሚባለው ኬሚካል፣ የመኪናው ነዳጅ አይደለም) እና ፎርማልዲሃይድ የመሳሰሉ ኬሚካሎችን ከአየር ሲቀንሱ ተገኝተዋል። ነገር ግን ሙከራው የተደረገው ጥርቅም ብሎ በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። በ2019 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያሰሉ፣ አንድ ተራ ሕንፃ በመስኮትና በበር የሚያገኘውን የአየር ለውጥ በተክል ለመተካት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። አንድ ካሬ ሜትር ላይ! ክፍሉ ጫካ ሆኖ ሰው የሚቆምበት አይኖርም።

ይኼን ጠበቅ አድርጌ የምለው በምክንያት ነው። እኛ አገር፣ በተለይ እንደ ደሴ ብርድ ባለበት፣ ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ፒስ ሊሊ ከዚህ አያድናችሁም። ቡና ሲፈላ፣ ዕጣን ሲጨስ መስኮት ክፈቱ። ተክሉም ከጭሱ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ቅጠሉ ላይ የሚቀመጥ ጥቀርሻ ነው። እሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉለት፣ ከስር በአንድ እጅ ደግፋችሁ፣ ከላይ በሌላው። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ቅጠሉ ጉያ ውስጥ ካገኛችሁ ተባይ ነው፤ ጥጥ አልኮል ነክራችሁ አንሱት።

ሕፃንና ድመት ያለበት ቤት ከፍ አድርጉት። ፒስ ሊሊ የጎደሬ ዘመድ ነው። ያልበሰለ ጎደሬ አፍ የሚበላው በውስጡ ባሉት መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ነው፣ ፒስ ሊሊም እነሱኑ ይዟል። ያኘከው ሕፃን አፉን ያቃጥለዋል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል። አፉን በውሃ አጠቡት። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ድመትም እንዲሁ ትለሃጫለች፣ ታስመልሳለች። የድመት ኩላሊት የሚያጠፋው ሌላው፣ እውነተኛው ሊሊ ነው። ከቆረጣችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትሹ።

ሥሩ ሳክሲያውን ሲሞላና ውሃ ቶሎ ቶሎ ሲጠይቅ ቦታ ጠቦታል ማለት ነው። ያኔ መክፈል ይቻላል። ከሳክሲያው አውጥታችሁ ብታዩት አንድ የመሰለው ተክል ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥርና የራሱ ቅጠል አለው። በእጅ እያላቀቁ መለየት ነው፣ የተጣበቀውን በቢላዋ። ሁሉንም ለየብቻ ትከሉና አጠጡ፣ ጥላ ስር አድርጉ። ጥቂት ቀን ያኮርፋሉ፣ ይወድቃሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ። ጊዜው ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው።

እማማ ኮምቦልቻ ላለችው ልጃቸው አንድ ድርሻ ጠይቀውኛል። «ሚያዝያ ላይ ከፍዬ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። «ኢንሻ አላህ በይ» አሉኝ። አልኩ። በማግስቱ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አምጥተው ባንኮኒዬ ስር አስቀመጡ፣ እስከዛ ድረስ እንዳልረሳ። ጀሪካኑ ቀዳዳ የለውም። ሚስማር አግሎ መብሳቱን ለኔ ትተውታል።